30 ቀን፣ 30 ግጥም፦ በየቀኑ ግጥም የመጻፍ ወር እንዴት ይያዛል?

ግጥም ሲመጣ ብቻ ነው የሚጻፈው የሚል ሰው ሞልቷል። ስሜት ሲገነፍል፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ልብ ሲሰበር። እንዲያም ይጻፋል፤ አልክድም። ችግሩ ልብ በየቀኑ አይሰበርም። እስኪሰበር የሚጠብቅ ሰው በዓመት አራት አምስት ግጥም ይጽፍና ቀሪውን ጊዜ «ሙዱ የለኝም» እያለ ያሳልፈዋል።

«በቀን አንድ ግጥም ለአንድ ወር» የሚባለው ቻሌንጅ መድኃኒትነቱ እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ገጣሚያን አካዳሚ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፕሪልን የግጥም ወር ብሎ ያከብረዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሞሪን ቶርሰን የተባለች ገጣሚ በዚያው ወር በየቀኑ አንድ ግጥም እየጻፈች ድረ ገጿ ላይ ማውጣት ጀመረች። መነሻ የሆናት በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ በአንድ ወር ልቦለድ የመጻፍ ዘመቻ ነው። ሌሎች ተከተሏት፤ ዛሬ በየአገሩ የሚሞክረው ሰው ብዙ ነው። እናንተ ኤፕሪልን መጠበቅ የለባችሁም። የትኛውም 30 ቀን ይሆናል።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ግቡ 30 ጥሩ ግጥም አይደለም። 30 ግጥም ነው። «ጥሩ» የምትለዋን ቃል ለአንድ ወር ከደጅ አስቀምጧት። ከ30ው አራት አምስቱ የሚታረም ነገር ከወጣቸው ወሩ ተሳክቷል ማለት ነው። የቀሩት እጅ ማፍታቻ ናቸው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሚያቆመውም ስንፍና ይዞት አይደለም፤ የጻፈው አስጠልቶት ነው።

1. ሕጋችሁን ጻፉ

ሕግ ሲባል አያስፈራችሁ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ግን ካልተጻፈ መሐል ላይ ከራሳችሁ ጋር ክርክር ትገጥማላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተጻፈ የትናንት ነው የዛሬ? ሁለት መስመር ግጥም ይባላል? አምና የጻፍኩትን ነካ ነካ አድርጌ ባስገባውስ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደክሞት የሚመልስ ሰው ሁልጊዜ ለራሱ ያደላል። ስለዚህ ሳትደክሙ መልሱት።

እኔ የምመክራቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው፦

ትንሹ ግጥም ሁለት ስንኝ ነው። ከዚያ በላይ ከመጣ ምርቃት ነው።

ቀኑ የሚያልቀው ስትተኙ ነው። ሰዓቱ ምንም ይበል፣ እስክትተኙ ድረስ ዛሬ ነው።

ድሮ የተጻፈ አይቆጠርም፤ በድሮው ላይ ተመርኩዞ አዲስ መጻፍ ግን ይፈቀዳል።

ያለፈ ቀን ግጥም አይታረምም። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ሕግ ነው። በአምስተኛው ቀን የሁለተኛውን ቀን ግጥም ገልጣችሁ «እስቲ ይህቺን ቃል ብቻ» ስትሉ የዛሬው ጊዜ አለቀ። እርማት የራሱ ወቅት አለው፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ሕጎቹን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩና የመነሻውን ቀን ጻፉበት። ፈርሙበት ብትፈልጉ። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን የተፈረመ ነገር ለመተው ትንሽ ያሳፍራል።

2. ሰዓትና ቦታ

«ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» ማለት አልጽፍም ማለት ነው። ጊዜ አይገኝም፤ ይቆረጣል። 20 ደቂቃ ይበቃል። 20ውን ደቂቃ በየቀኑ ከምታደርጉት አንድ ነገር ጋር እሰሩት፦ ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ከሰዓት ቁጥር ይልቅ ከድርጊት ጋር የታሰረ ልማድ ቶሎ አይላላም፤ ምክንያቱም ፕሮግራማችሁ ቢዛነፍም ፊታችሁን መታጠባችሁ አይቀርም።

የእኔ ምርጫ ጠዋት፣ ስልክ ሳይከፈት ነው። ስልኩ አንዴ ከተከፈተ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ይገባል። የራሳችሁ ለመውጣት ወረፋ ይጠብቃል።

አሜሪካዊው ገጣሚ ዊሊያም ስታፎርድ ለአሥርት ዓመታት ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ በየቀኑ ይጽፍ ነበር። የሞተው ኦገስት 28 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም ጽፏል። መጻፍ እምቢ ሲል ምን ታደርጋለህ ሲሉት የሚሰጠው መልስ ደግሞ ደረጃዬን ዝቅ አደርጋለሁ የሚል ነበር። ለዚህ ወር ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ዕቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ። አንድ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ፤ ሁለቱም ይሆናሉ። ዋናው አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ግማሹ በደብተር፣ ሩቡ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ»፣ ሩቡ በደረሰኝ ጀርባ ከሆነ በወሩ መጨረሻ የሚሰበስበው የለም። መንገድ ላይ ሐሳብ ከመጣ በድምፅ ቅዱትና ማታ ወደ ደብተሩ አዛውሩት። እያንዳንዱ ግጥም ላይ ቁጥርና ቀን ይኑር። ርዕስ ባይኖር ግድ የለም። ውድ ደብተር ግን አልመክርም። የሚያምር ወረቀት ላይ የማያምር ነገር ለመጻፍ እጅ ያቅማማል፤ ይህ ወር ደግሞ የማያምር ነገር በብዛት የሚጻፍበት ነው።

3. መነሻዎችን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ሰው ተቀምጦ የሚያጣው ቃል አይደለም፤ መነሻ ነው። «ዛሬ ስለ ምን ልጻፍ?» የምትለው ጥያቄ 20ውንም ደቂቃ ትበላዋለች። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ 40 መነሻ ጻፉ። በትንንሽ ወረቀት ቆራርጡና አጣጥፋችሁ አንድ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። በየቀኑ አንዱን አውጡ። ለምን 40? አንዳንዱ ወረቀት ሲወጣ ምንም አይላችሁምና አንዴ የመቀየር መብት ይኑራችሁ። አንዴ ብቻ።

መነሻው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። «ፍቅር»፣ «ተስፋ»፣ «አገር»፣ «ጊዜ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ወረቀቱን አሁኑኑ አውጡት። እነዚህ ቃላት ጥፋት የለባቸውም። ነገር ግን ስለነሱ የተባለው ሁሉ ጭንቅላታችን ውስጥ ተከምሮ ስለሚገኝ ቀድሞ የሚወጣው የሌላ ሰው ስንኝ ነው። ስለ ፍቅር መጻፍ ከፈለጋችሁ «ሳይመለስ የቀረ ጃኬት» ብላችሁ ጻፉ። ፍቅሩ ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

የሚሠሩ መነሻዎች በእጅ የሚነኩ፣ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ለመነሻ ያህል ጥቂት ልስጣችሁ፦ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት። ሊፍት ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር። በእጄ የነበረ፣ አሁን የሌለ ነገር። የጎረቤት ሳል። ያልመለስኩት ጥሪ። ወረፋ። የቆመ ሰዓት። አባቴ የሚደጋግማት ቃል። የሰው ስም የጠፋኝ ዕለት። ቁልፍ።

ጥቂቶቹን ደግሞ ትእዛዝ አድርጓቸው፦ «ጥያቄ ብቻ የሆነ ግጥም»፣ «እኔ የሚል ቃል የሌለበት ግጥም»፣ «ለማይመልስልኝ ነገር የተጻፈ ደብዳቤ»። ርዕስ የማይሰጥ፣ ግን አጥር የሚያጥር ትእዛዝ ለጀማሪ በጣም ይጠቅማል።

4. የአንዱ ቀን ሥራ

20ው ደቂቃ እንዲህ ይከፈል፦ 5 ደቂቃ መሰብሰብ፣ 10 ደቂቃ መግጠም፣ 5 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ። በቁልፏ ላይ እንሞክረው።

መሰብሰብ ማለት ግጥም አለመጻፍ ማለት ነው። ስለ ቁልፍ የመጣውን በተራ ዓረፍተ ነገር ማዝረብረብ ብቻ፦

ቁልፉን ውስጥ ረሳሁት። በሩ ተዘጋ። ማታ ነው። መብራቱን አላጠፋሁትም። በመስኮት ቤቴ ይታየኛል። ጎረቤት እንዳያየኝ ስልክ የማወራ መሰልኩ። ቤቴ ነው፤ ግን አልገባም።

እዚህ ውስጥ ምንም ግጥም የለም። ግን አንድ ሁለት የሚቆረቁር ነገር አለ፦ የበራው መብራትና የራስን ቤት እንደ እንግዳ ከውጭ ማየት። የስልኩ ነገርም ያስቃል፤ ለሌላ ቀን ይቀመጥ። አንድ ግጥም አንድ ነገር ይበቃዋል።

አሁን መግጠም። በአማርኛ የለመድነው የወል ቤት 12 ቀለም አለው፤ 6 ቀለም፣ ትንፋሽ፣ 6 ቀለም። ቀለም ሲቆጠር የሚቆጠረው ድምፅ ነው እንጂ ፊደል አይደለም። «መስኮት» ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፤ ሲነበብ መስ–ኮት፣ ሁለት ቀለም ነው። ጠረጴዛ ላይ በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ ብትቆጥሩት ቶሎ ይገባችኋል። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸውና፦

ቁልፌን ከቤት ትቼ | ደጅ ቆሜያለሁ፣
የገዛ መብራቴን | ከውጭ አያለሁ።

ምጣኔው ሞልቷል፤ ቤቱም መትቷል። ለዛሬ እዚህ ላይ ብታቆሙ ሕጉን አሟልታችኋል። ግን ደቂቃ ካላችሁ ቤት የመታው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። «ያለሁ» እና «ያለሁ»። ይህ የግሥ ጅራት ነው። አማርኛ በዚህ በኩል እጅግ ለጋስ ነው፤ ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤቱ ሳይለፋበት ይመታል። ጆሮም ያውቅበታል። የመጀመሪያውን «አለሁ» ሲሰማ ሁለተኛው እንደሚመጣ ስለሚጠብቅ፣ ሲመጣ ምንም አይደነቅም። ሁለተኛ ሙከራ፦

ቁልፌን ውስጥ ረስቼ | በሩ ተዘጋብኝ፣
የገዛ መብራቴ | በመስኮት ታዘበኝ።

እዚህም መጨረሻው ላይ ያው የግሥ ቅጥያ አለ፤ አልካድኩም። ግን የሚገጥሙት «ብኝ» እና «በኝ» ከተለያየ ቦታ ነው የመጡት። አንዷ «ብ» ቅጥያ ናት፤ ሌላዋ ከ«ታዘበ» ከራሱ የወጣች ናት። ዋናው ለውጥ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ እኔ መብራቱን አየሁት። በሁለተኛው መብራቱ እኔን ታዘበኝ። ቤት ፍለጋ ስንሄድ ሐሳቡ ተገለበጠ። ቤት መምታት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ያላሰብነውን እንድናስብ የሚያደርግ ግፊት መሆኑ የሚገባው እንዲህ ሲሠሩት ነው።

የመጨረሻዋ 5 ደቂቃ ለድምፅ ናት። ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሹክሹክታም ይሆናል። ምላስ የተሰናከለበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እለፉ። አታርሙ። ቁጥሩን፣ ቀኑን ጻፉ። ዝጉት።

5. መልኩን ቀያይሩት

ለሰባት ቀን የወል ቤት ብቻ ከጻፋችሁ ስምንተኛው ራሱን ይጽፋል፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም። ምጣኔው እናንተን እየመራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መልኩን ቀይሩ።

አጠር ያለ ምት ከፈለጋችሁ የቡሄ በሉ ቤት አለ፤ 4 ቀለም፣ 4 ቀለም። ፈጣንና ተጫዋች ስለሆነ ቀልድ ይስማማዋል። ምንም ባልመጣ ቀን ስለዚያው ስለ አለመምጣቱ መጻፍ ይቻላል፦

ልጻፍ ብዬ | ተቀመጥኩኝ፣
ባዶውን ገጽ | አነበብኩኝ።

ሰንጎ መገን የሚባለውን ቤት መሞከር ለሚፈልግ ደግሞ ምጣኔው 5 ቀለም፣ 5 ቀለም ነው።

ከጃፓን የመጣው ሃይኩ 5፣ 7፣ 5 ተብሎ በሦስት መስመር ይጻፋል። ቤት አይመታም። የጃፓኑ አቆጣጠር ከእኛ ቀለም ጋር ልክ በልክ አይገጥምም፤ ለልምምድ ግን ግድ የለም። ቁም ነገሩ አስተያየት አለመስጠቱ ነው፤ አሳይቶ ዝም ይላል፦

ዝናብ አባራ፣
ኩሬው ውስጥ ሰማይ ወርዶ
ወፍ ይጠጣዋል።

ሃይኩ ስትጽፉ እጃችሁ «እንዴት ደስ ይላል» ወይም «ሕይወትም እንዲህ ናት» የምትል አራተኛ መስመር ለመጨመር ይጓጓል። ያዙት።

እኔ በጣም የምወደው ልምምድ ግን የሰባቱ ድምፆች ግጥም ነው። ከፊደል ገበታው አንድ ፊደል ትመርጣላችሁ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መስመር ትጽፋላችሁ፤ እያንዳንዱ መስመር በተራው ፊደል ይጀምራል። ለምሳሌ በ«መ»፦

መንገዱ ረዝሟል።
ሙቀቱ አልበረደም።
ሚዛን እንደሳተ ሰው
ማዶ ማዶውን አያለሁ።
ሜዳው ባዶ።
ምሽት ሲደርስ
ሞተር ብስክሌት አለፈ።

ይህ ልምምድ የሚሠራው ከልክሎ ስለሚሰጥ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ «ሜ» የሚጀምር ቃል ፈልጎ ማግኘት ስላለባችሁ ስለ ስሜታችሁ ለመጨነቅ ፋታ አታገኙም። እንደ «ሰ»፣ «ቀ» እና «በ» ያሉት ይቀላሉ። «ጰ»ን የመረጠ እግዚአብሔር ይሁነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበት ከቀራችሁ ሰምና ወርቅ ሞክሩ። መጀመሪያ ግጥም አትጻፉ፤ ሁለት ትርጉም የሚሸከሙ ቃላት ሰብስቡ። ገጽ ፊትም ነው፣ የመጽሐፍ ቅጠልም ነው። ቀለም የሚጻፍበትም ነው፣ ትምህርትም ነው፣ አሁን ስንቆጥረው የነበረው ምትም ነው። «ገጽህን ካየሁት ስንት ቀን ሆነኝ» የሚለው ለወዳጅ የተባለ ይመስላል፤ ለተተወ ደብተርም ይሆናል። ቃሉ ከተገኘ ስንኙ ይከተላል። ስንኙ ቀድሞ ተጽፎ ኅብረ ቃል በግድ ሲሰካበት ግን ያስታውቃል።

ለደከመ ቀን ደግሞ ፓንቱም የሚባል የማላይ መነሻ ያለው ቅርጽ አለ። በአራት አራት መስመር ይጻፋል። የአንዱ አንጓ ሁለተኛና አራተኛ መስመር ለሚቀጥለው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ይሆናሉ። ማለትም ከሁለተኛው አንጓ ጀምሮ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ያው መስመር አዲስ ጎረቤት ሲያገኝ ትርጉሙ ፈቀቅ ይላል፤ ጣዕሙም እሱ ነው።

6. ወሩ መሐል ላይ ሲደርቅ

መድረቁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ግለት በርዷል፤ መጨረሻው ገና ሩቅ ነው። የጻፋችሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላችኋል። በዚህ ጊዜ አዲስ ሐሳብ ከባዶ ለመጭመቅ አትታገሉ። ካለ ነገር ተነሱ።

ያረጀ ጋዜጣ አንድ ገጽ ውሰዱና አብዛኛውን ቃል በማርከር አጥፉ፤ የሚቀሩት ቃላት ግጥሙ ናቸው። ወይም ከራሳችሁ የቆየ ግጥም አንዱን መርጣችሁ ከሌላው ወገን ጻፉት። ያ ደጅ የቀረው ሰው ያየውን አንብበናል፤ እስቲ መብራቱ ምን ይላል? ወይም ዝርዝር ጻፉ፦ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው፣ ለሐኪም ያልነገርኩት፣ ዛሬ «ደህና ነኝ» ያልኩባቸው ጊዜያት። ዝርዝር አንድ ሁለት መስመር እንደሄደ እውነት መናገር ይጀምራል። የመጨረሻውን መስመር ብቻ ከሌሎቹ የተለየ አድርጉት።

የሌላ ገጣሚን አንድ መስመር እንደ መነሻ ይዞ መጻፍም ይረዳል። ስትጨርሱ መስመሯን አውጧት። ቤቱ ሳይፈርስ ከቆመ የእናንተ ነው። ከፈረሰ ደግሞ የዛሬው ልምምድ ነበር፤ ቁጥሩን ጻፉና ተኙ። መስመሯ እንድትቀር ከፈለጋችሁ የማን እንደሆነች ከሥሯ ጻፉ።

በነገራችን ላይ በደረቅ ቀን ማንበብ ከመጻፍ ይሻላል የሚሉ አሉ። ማንበቡ ጥሩ ነው፤ በእሱ መተካቱን ግን አልስማማበትም። አንብቡና ሁለት ስንኝ ጻፉ።

7. ቀን ካመለጠ

ሕመም አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሥራ አለ። ቀን ሲያመልጥ ሰውን የሚያስቆመው ያመለጠው ቀን አይደለም፤ ዕዳው ነው። «ነገ ሁለት እጽፋለሁ» ይላል። ነገ አንዱም ያቅተዋል። ከነገ ወዲያ ሦስት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ የተቀጠለ ወር አላየሁም።

ስለዚህ ዕዳ የለም። 11ኛው ቀን ካመለጠ ቁጥሩን ባዶ ተዉትና ወደ 12 እለፉ። ወሩ በ27 ግጥም ቢያልቅ 27 ግጥም አላችሁ። አንድ ጠንካራ መስመር ብቻ አስምሩ፦ ሁለት ቀን ተከታትሎ አያምልጥ። ሁለተኛው ቀን ላይ ስልክ ላይም ቢሆን፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን ሁለት ስንኝ ጣል አድርጉ።

8. ለማን ይታይ?

ብቻን መጻፍ ይቻላል። ግን አብሮ የሚጽፍ አንድ ሰው ካለ ወሩ ይቀልላል። ብዙ ሰው አያስፈልግም። አንድ ወዳጅ፣ በየምሽቱ ግጥም መለዋወጥ፣ ያው ነው። ስምምነታችሁ «ደርሶኛል» ማለት ብቻ ይሁን። አስተያየት አይፈቀድም። «ዋው» ም ቢሆን ይቅር። ትናንት «ዋው» ተብሎ ዛሬ ዝም ከተባለ ሰው ያንን ዝምታ ሲተረጉም ያድራል።

በየቀኑ ፖስት ማድረግ ላይ የምጠነቀቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ላይክ ነው። በሦስተኛው ቀን ብዙ ላይክ ያመጣላችሁን ዓይነት ግጥም በአራተኛውም ትደግሙታላችሁ፤ ልምምዱ እዚያ ላይ ሞተ። ሁለተኛው የሕትመት ነገር ነው። ብዙ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶችና የግጥም ውድድሮች በኢንተርኔት የወጣን ግጥም እንደ ታተመ ቆጥረው አይቀበሉም። አንድ ቀን የሆነ ቦታ መላክ ካሰባችሁ የተሻሉትን ለራሳችሁ ያዙ። ማሳየት ካማራችሁ ሁለት መስመር ቆርጣችሁ አውጡ።

ሌላም አለ። በየቀኑ ሲጻፍ የቅርብ ሰው ግጥም ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እናት፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ አለቃ። ደብተር ውስጥ ማንም ቢገባ ችግር የለውም። ከደብተሩ ከመውጣቱ በፊት ግን ያ ሰው ቢያነበው ምን እንደሚሰማው አስቡ፤ የእሱን ምሥጢር የተሸከመ ከሆነ ጠይቁት፣ ወይም መታወቂያ የሚሆነውን ነገር ቀይሩ።

9. ወሩ ካለቀ በኋላ

31ኛው ቀን ላይ ደብተሩን አትክፈቱ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ትኩስ ግጥም ስታነቡ የምታነቡት ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ልትሉት የፈለጋችሁትን ነው። ጊዜ ሲያልፍ ግን እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ታዩታላችሁ።

ከዚያ በአንድ ቁጭታ ሁሉንም አንብቡ። እስክሪብቶ ሳትይዙ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ በሦስት ክፈሏቸው፦ የሚታረሙ፣ አንድ ጥሩ ስንኝ ብቻ ያላቸው፣ እና የሚተኙ። «የሚታረሙ» ውስጥ ከስድስት በላይ ካስገባችሁ እንደገና ወንፊቱን አጥብቁ።

እርማት ላይ እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ስንኝ እሸፍንና ግጥሙን አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ያልቃል። ማብራሪያ ወይም ምክር ሆና የተጨመረች መስመር ናት፤ ትወጣለች። ቀጥሎ መጀመሪያውን አያለሁ፤ ግጥሙ በእርግጥ የሚጀምረው ሦስተኛው መስመር ላይ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ለቤት ሲባል ብቻ የገቡትን ቃላት ፈልጌ አወጣለሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ስንኙን እንደ ተራ ወሬ ተናገሩት። «ትናንት አየሁት በዝግታ» ብሎ የሚያወራ ሰው ከሌለ «በዝግታ» የመጣችው ለቤቱ ስትል ነው። አስወጧትና ሁለቱንም መስመር እንደገና ሥሩ። አንዱን ብቻ ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

በመጨረሻ 30ውንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ የሚደጋገሙ ቃላትን ቁጠሩ። «ዝምታ»፣ «ጨለማ»፣ «እንባ» ብዙ ቦታ ብቅ ካሉ አትደንግጡ፤ ሁሉም ሰው የራሱ አለው። በሚታረሙት ግጥሞች ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅሩ፤ በሌላው ቦታ ያንን ጊዜ ያያችሁትን ዕቃ ወይም የሰማችሁትን ድምፅ አስገቡ። «አንድ ጥሩ ስንኝ ብቻ አላቸው» ካላችኋቸው ደግሞ ስንኞቹን ወደ አንድ ወረቀት ገልብጡ። ቆራርጡና ያ ዕቃ ውስጥ ክተቷቸው። ለሚቀጥለው ወር ከሚያስፈልጋችሁ 40 መነሻ ቢያንስ አሥሩን አገኛችሁ።